በገመድ ወይስ በባትሪ

አማችየው ደግ የሆነበት ቀን ነበር። አዛውንቱ ነገሩን ከጠዋት ጀምሮ ሊጠረጥሩት ይገባ ነበር፤ ደስታ ግን ዓይን ይጋርዳል። «አባባ፣ ዛሬ የእንጨት መቅረጫ ማሽን እንገዛልዎታለን፤ እርስዎ ይመርጣሉ» ተባሉና፣ ልጃቸው ኮሌታቸውን እያስተካከለችላቸው ወደ መሣሪያ መሸጫው ሄዱ።

ዕድሜያቸውን በመብራት ሠራተኛነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእንጨት ትንንሽ ወፎች ይቀርጻሉ። አይሸጧቸውም። «ምን ሊያደርግልዎ ነው?» ሲባሉ «እጄ እንዳይሞት» ይላሉ። ሳሎን ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ጨርቅ አንጥፈው በቢላዋ ሲፍቁ ይውላሉ። የቤቱ ወሬ፣ ሳቁም ጭቅጭቁም በዚያ ያልፋል፤ ማንም ባያናግራቸው እንኳ ሰው መሀል ናቸው። ከዚያች ጥግ ሌላ የቀራቸው ነገር የለም። አሁን አሁን ግን ጣታቸው ቢላዋ አልይዝ ብሏል።

ሻጩ ባንኮኒው ላይ ሁለት ማሽን አስቀመጠ። ሁለቱም በአንድ እጅ የሚያዙ፣ ጫፋቸው ላይ የሚሽከረከር ጥርስ ያላቸው ናቸው። አንዱ ሶኬት ይፈልጋል፣ ሌላው በባትሪ ይሠራል።

«አባባ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ወፍ።»

«ወፍ?»

«የእንጨት ወፍ። አይዞህ፣ አንተን ልቅረጽህ አላልኩም።»

ሻጩ ሳቀ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእንጨት ባለገመዱ ነው። ቢጫኑት አይደክምም፣ ቀኑን ሙሉ ያሠራል። ባለባትሪው ወዲያ ወዲህ ለሚል ሰው ይመቻል፤ ሲያልቅ ግን እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።»

አዛውንቱ ባለገመዱን አስነሥተው ቁራጭ እንጨት ላይ አሳረፉት። እንደ ቅቤ ገባ። ባለባትሪውን ሞከሩ፤ ጫን ሲሉት አቃስቶ ቆመ።

«ይሄስ እንደኔው ነው። ባለገመዱን ስጠኝ።»

«ባለባትሪው አይሻልም?» አለ አማችየው ፈጠን ብሎ። «ነፃነት አለው። በረንዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ በፈለጉበት...»

«ከመስኮቴ ሥር ወዴት እሄዳለሁ? ሶኬቱ እንደሆነ እግሬ ሥር ነው።»

አማችየው ሚስቱን አያት። እሷም ልታግዘው ብላ፣

«አባዬ፣ እሺ በለን በቃ። እዚያ እኮ ሶኬት የለም» አለች።

«የት?»

ባፍ ይጠፉ በለፈለፉ። ልጅቷ አፏን ያዘች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

«ጓሮ ያለችው እቃ ቤት...» አለች ቀስ ብላ። «ሳሎኑን ልናሰፋው ነው፣ የአንተን ክፍል ግድግዳ አፍርሰን። እቃ ቤቷን አንተ እንድትገባባት ቀለም አስቀብተናታል። ለማታም በባትሪ የሚሠራ መብራት ገዝተንልሃል።»

አዛውንቱ ክው አሉ። ያንን ቤት ከመሠረቱ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሽቦውን በየግድግዳው የቀበሩት፣ በልጃቸው ሠርግ ማግስትም ቤቱን በስሟ ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ያን ሽቦ ሲዘረጉ ሚስታቸው «እቃ ቤቱም ውስጥ መብራት አስገባ እንጂ» ብለዋቸው ነበር። «ለተሰበረ ወንበር ደግሞ መብራት!» ብለው ስቀው ሽቦውን እዚያው ቆረጡት። አመድ አፋሽ ማለት ይኸው ነው። ልጃቸውን ጠሏት፤ ስለጠሏት ደግሞ ራሳቸውን ጠሉ።

«መስመር እዘረጋለሁ» አሉ። «ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«አባባ፣ አዲሱ የግቢ ንጣፍ ሊቆፈር ነው?» አለ አማችየው። «በላይ ቢንጠለጠልም ለዓይን አያምርም።»

ሻጩ ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን ባንኮኒ ይወለውል ጀመር።

አዛውንቱ ባለገመዱን ቀስ አድርገው ወደ እሱ ገፉት። «ባለባትሪውን ጠቅልልልኝ።»

«ጎሽ አባባ! ጥሩ መረጡ» አለ አማችየው፣ እፎይ ብሎ።

«ሲያልቅ የት ነው የምሞላው?» አሉ ልጃቸውን እያዩ።

«እኛ ጋ ነዋ አባዬ» አለች እንባዋን እየዋጠች። «የኩሽናውን በር አንኳኳ፣ እሞላልሃለሁ።»

«ብቻ እንግዳ ካለ ትንሽ ይታገሱን» አለ አማችየው።

«ግድ የለም» አሉ አዛውንቱ። «ከአንዴ በላይ አላንኳኳም።»