ወፍራሙ ምንጣፍ በስሱ ዋጋ

ጥሩነሽ ጭሮ ከተማ ውስጥ በተጠራ ዋጋ ዕቃ ገዝታ አታውቅም። ሻይ ቤቷ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ ተከራክራ፣ ወጥታ ሄዳ፣ ተጠርታ ተመልሳ የገዛችው ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ጅብሪል ጥግ ላይ የቆመውን ጥቅል ምንጣፍ እያሳየ ዋጋውን ሲነግራት፣ ልቧ ድው ቢልም ፊቷን አጨማደደች።

ጅብሪል ተሳስቷል። ሱቁ ውስጥ በአንድ ዓይነት ላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ምንጣፎች አሉ፤ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም። እሱ የነገራት የስሱን ዋጋ ነው። እሷ ግን በላስቲኩ ቀዳዳ አውራ ጣቷን ሰዳ ነክታዋለች፤ ጣቷ ስምጥ ብሏል። ልጇ ዮዲ በሰላም ከተገላገለች ለሚካኤል ወፍራም ምንጣፍ አስገባለሁ ብላ ከተሳለች ወዲህ፣ ዋጋ ያልጠየቀችበት ሱቅ የለም። ይሄ ዋጋ ሌሎቹ ከጠሩላት ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ችግሩ፣ «እሺ» ማለት አትችልም። ጥሩነሽ ሳትከራከር ከከፈለች ጅብሪል ይጠረጥራል፤ ከጠረጠረ ላስቲኩን ይቀደዋል።

«ለዚህ ስስ ነገር?» አለች።

ጅብሪል ሐቀኛ ሰው ነው። «ስስነቱንማ አልክድሽም። ለዚህ አይደል ቀንሼ የነገርኩሽ?»

«ወንፊት እኮ ነው። ሚካኤል ምን ይለኛል?»

«አቦ፣ እሱስ አይከራከርም። የምትከራከሪው አንቺ ነሽ።»

እስከ በሩ ሄደች። ጠራት። ተመለሰች። እንደገና ቀነሰላት። «በቃ፣ ሀላል ይሁንልሽ» ብሎ ራሱ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነላት።

«ስስ ቢሆንም ይከብዳል» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ቤቷ ደርሳ ምንጣፉን ዘረጋችና ጫማዋን አውልቃ ቆመችበት። እግሯ ሰመጠ። ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ የተሳለችው ወፍራም ነው፣ የከፈለችው የስስ ነው። ታዲያ የቀረውን ለሚካኤል የሰጠው ማን ነው?

«ገበያ ነው» አለች ለራሷ። «አምና ጅብሪል ፔርሙዝ በእጥፍ ሲሸጥልኝ፣ ሂርና ከተማ ላይ ትክክለኛ ዋጋውን ሰምቼ ስቃጠል፣ መቼ ሮጦ መለሰልኝ?»

ጥሩ ክርክር ነበር። ፔርሙዙን ግን ለማንም አልተሳለችውም።

በማግስቱ ልዩነቱን ይዛ ሄደችና ሁሉንም ነገረችው። ጅብሪል ገንዘቡን አላየውም።

«ስስ ነው ስትይኝ እያወቅሽ ነው?»

«እያወቅኩ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺን አምኜ የገዛ ዕቃዬን አማሁት።»

ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ወደ እሷ ገፋው። «ሀላል ብዬሻለሁ። ሀላል ካልኩ በኋላ አልቀበልም።»

«ካልተቀበልክ እኮ ስለቱ ያንተም ይሆናል።»

ጅብሪል ጢሙን አሻሸ። «ይሁና። ታዲያ ስሜም ይጠራ። ያንቺን ብቻ ካስጠራሽ እኔ አልሰማም፤ ሚካኤል ግን ይሰማል።»

ለመነችው። ከወፍራሙ ዋጋ በላይ ልጨምር አለች። እሱ እየሳቀ ለሌላ ገዢ ከመደርደሪያው ምስማር ማውረድ ጀመረ።

የንግሡ ዕለት ምንጣፉ ተነጠፈ፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። ማይክ የያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ «በማን ስም ልበል?» ሲላት የራሷ ስም ምላሷ ላይ ነበር። ምንጣፉን አየችው። ከዚያ በጆሮው ሁለት ስም ነገረችው።

«ወይዘሮ ጥሩነሽ እና አቶ ጅብሪል ስለታቸው ሠምሮ ይህን ምንጣፍ አስገብተዋል። እልል በሉላቸው።»

እልልታው ጀመረና መሃል ላይ ተቆረጠ። በዚያ ማይክ ሁለት ስም አብሮ የሚጠራው የባልና የሚስት ነው። ጥሩነሽ ደግሞ ባሏ ከሞተ ቆይቷል።

ጎረቤቷ እንቁ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ይሄ ደግሞ መቼ ነው?»

ይህን ለማስረዳት ምንጣፉን እንዴት እንደገዛችው ማስረዳት ያስፈልጋል። ጥሩነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና «ወሬው ረጅም ነው» አለች።

በማግስቱ የጅብሪል ሚስት ሹክሪያ ሻይ ቤቷ ገባች። ወንበር ስባ መሃል ላይ ተቀመጠችና ትክ ብላ አየቻት።

«ባሌን በስንት ወሰድሽው?»

ጥሩነሽ ክው አለች። የለመደ አፏ ግን ቀደማት። «በስንት ትሰጪኛለሽ?»

ሹክሪያ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች፤ ለካ ባሏ ሁሉንም ነግሯታል። የምስር ሳምቡሳ አዘዘች። በላች፣ አስደገመች፣ ለልጆቿም አስጠቀለለች።

«ሒሳቡን ከባሌ ዋጋ ላይ ቀንሺው» አለች ስትወጣ።

ጥሩነሽ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችውና ሁለት ሳምቡሳ ጨመረችላት።