የደብሬ እጅ ያለበት ግድግዳ

ኖራው በባልዲው ውስጥ መንተክተኩን ትቶ ረግቷል። ማናዬ ከቃጫ አስራ የሠራችውን መቀቢያ እንደያዘች ከግድግዳው ፊት ቆማለች። የጓዳውን በኩል ጠዋት ቀብታ ጨርሳለች፤ እሱ ግድ አልሰጣትም። የቀረው ከመደቡ በላይ ያለው፣ የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ነው። እሱን ለመንካት እጇ እንቢ አላት።

ግድግዳው በቀይ አፈርና በእበት የተለቀለቀ ነው። በላዩ ላይ እንደ እንስራ አንገት ጌጥ ያለ ሐረግ፣ በጣት ተጎንጉኖና ከግድግዳው ከፍ ከፍ ብሎ፣ ከበሩ እስከ ምሰሶው ይሄዳል። የሸክላ ሠሪዋ የደብሬ እጅ መሆኑን ዕውር እንኳ ዳስሶ ይለየዋል። እንስራዋ ከወረታ እስከ ይፋግ ገበያ ስለሚሸጥ ይህን ጌጥ የማያውቅ ቤት የለም።

ባሏ ማረው የሞተ ጊዜ አገሩ እንደ ወጉ መጣ፣ አለቀሰ፣ ተዝካሩን በላ፤ ከዚያ ወዲያ በሯን የሚረግጥ ጠፋ። ክረምቱ ገባ፣ ርብ ወንዝ ሞላ፣ ሜዳው ባሕር ሆነ፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ጣጣ ያዘ። ጭቃው ውስጥ እየዘቀጠች የመጣችው ደብሬ ብቻ ነበረች። መስከረም ሲጠባ ዝናብ የላጠውን ግድግዳ አየች፤ የሜዳው ዋልካ ጭቃ ይሰነጠቃል ብላ ከአቀበቱ ቀይ አፈር ተሸክማ አምጥታ ለቀለቀችላት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ? የቅርብ ጎረቤቶቿ ግን የሸክላ ሠሪዋን ዓይን ይፈራሉና፣ ደብሬ ስትመጣ እነሱ ጨርሰው ቀሩ። ማናዬም አንዲቱን ደብሬን ይዛ የአገሩን ሰው ተወችው።

አሁን ባሕር ዳር ፋብሪካ ለገባው ልጇ ለአበረ፣ የይፋግ ትልቅ ሰው ልጁን ሰጥቶታል። ነገ ሙሽራይቱ ትገባለች፤ ዘመዶቿም አብረዋት ይመጣሉ። በዚህ አገር ልጁን የሚድር ሰው አጥንት ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ያጣራል።

«እምዬ፣ አንዱን ምረጭ» ብሏት ነበር አበረ ትናንት፣ አንድ ጆንያ ኖራና አንድ እቅፍ ያረጀ ጋዜጣ መደቡ ላይ አስቀምጦ። «ኖራም ቀቢው፣ ጋዜጣም ለጥፊበት፣ እንደ ወደድሽ። ይኸ ሐረግ ግን አይታይ። አይተው ሙሽራዬን ይዘው ቢመለሱ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

ጋዜጣውን ገልጣ አይታው ነበር። ከረባት ያሰሩ የማታውቃቸው ወንዶች ከፊደሉ መሐል ፈጠው አዩዋት። ልጄ ሚስቱን ይዞ ባሕር ዳር ሲገባ እኔ ከእነዚህ ሁሉ ጎረምሶች ጋር ልደር? ብላ ሣቀች። ሣቋን የሚጋራት ስላልነበረ ቶሎ አቆመች።

በመጨረሻ መቀቢያውን ነክራ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሻሸችው። ከዚያ ወዲያ እጇ አልቆመም። ጨርሳ ወደ ኋላዋ ፈቀቅ ስትል ግን ክው አለች። ኖራው ቀይ አፈሩን እንጂ ሐረጉን አልሸፈነውም። በበሩ የገባው የማታ ፀሐይ እያንዳንዱን ጉንጉን ጥላ አስጥሎት፣ ድሮ ያልታየውን ያህል ጎልቶ ወጣ።

«እቴ ማናዬ፣ ደህና ዋልሽ?»

ደብሬ ለሠርጉ የሠራችውን አዲስ እንስራ አዝላ ደጁ ላይ ቆማለች። ግድግዳውን አየች። ባልዲውን አየች። እንስራውን ቀስ ብላ አወረደችው።

«አበረ ነው ያለኝ» አለች ማናዬ። በልጇ ማመካኘቷ የባሰ አሳፈራት።

«ምን ያርግ? ከይፋግ ሰው ይመጣበታል።» ደብሬ ገብታ ሐረጉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ኖራው ጭራሽ ገለጠው እኮ። መፋቅ አለበት። ማጭድሽ የት ነው?»

«ተይ ደብሬ! አፈር ስሆን ተይ!»

አፏ ይህን ይበል እንጂ ዓይኗ ማጭዱ ወደ ተሰካበት ማገር ሄደ። ደብሬ ዓይኗን ተከትላ ሄዳ መዘዘችው።

ከበሩ ጀምራ ወደ ምሰሶው ፋቀች። ቀይ አፈሩ መደቡ ላይ እየተፈረፈረ ወደቀ። «በቃ፣ ይምጡና ይዩት» የሚለው ቃል በማናዬ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ብትለው ልጇን ታጣለች፤ ባትለው ደብሬን። ዋጠችው። የተፋቀውን ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ዳግመኛ ቀቡት፤ ግድግዳውም እንደ ማንም ሰው ግድግዳ ሆነ።

ማናዬ ጓዳ ገብታ ጠላ በዋንጫ ቀድታ መጣች። ስንት ዓመት ከአንድ ዋንጫ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ደብሬ ግን ደጁ ላይ ወጥታ ቁጢጥ ብላለች።

«ዋንጫውን ተይው፤ ነገ እንግዳ ይጠጣበታል» አለችና ሁለት እጇን ገጥማ ዘረጋች። «በእፍኜ አንቆርቁሪልኝ።»

ማናዬ ዋንጫውን አዘነበለች። ጠላው በኖራ በነጡት ጣቶች መካከል እየሾለከ መሬቱን አራሰው። ደብሬ አንገቷን ደፍታ ትጠጣለች፤ ጨምሪም አላለች፣ በቃኝም አላለች። ዋንጫው ባዶ ሲሆን ተነሥታ ልትሄድ ነው። ማናዬም ጠላው እንዳያልቅባት ፈርታ፣ ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ታንቆረቁር ጀመር።