የመስኮቱ ጀልባ

አስመላሽ የተጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ጥያቄ ተብሎ ይቆጠራል እንዴ? ውሃ የጠማው እንግዳ እንኳ «ትጠጣለህ?» ሲባል መጀመሪያ «ግድ የለም» ነው የሚለው። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው ያቅማማል፣ ባለቤቱ «አፈር ስሆን» ብሎ ብርጭቆውን እጁ ላይ ያደርግለታል። ውሃ የሚጠጣው እንዲህ ነው። ሆላንድ ውስጥ ግን «በሞቴ» የሚባል ነገር የለም። አይ ካልክ አይ ነው፤ ከነጥምህ ትሄዳለህ።

ነገሩ የሆነው በ1997 መጋቢት ላይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ፣ ቫን ዳለን በሚባል ሰው ሱቅ ነው። ቫን ዳለን ሰባ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የሚሸጠውም ተገጣጥመው የሚሠሩ ትናንሽ የአውሮፕላንና የመርከብ ሞዴሎች ነው። ሳጥኑን ትገዛለህ፤ ውስጡ መቶ ምናምን የፕላስቲክ ቁርጥራጭ አለ፤ በሙጫና በወረንጦ ዓይንህ እስኪፈዝ እየለጠፍክ ትሠራዋለህ። አስመላሽ ከሚኖርበት ሰፈር ከሙርዋይክ በትራም እየሄደ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ሲለጥፍ ኖሯል። ውላቸው የቃል ነው፤ ሳጥኑና ቀለሙ ከሱቁ፣ እጁ ከአስመላሽ፣ ተሠርቶ ያለቀው ደግሞ ለሱቁ መስኮት። ሰኞ እስከ ዓርብ የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። ቅዳሜ ግን መንገደኛው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ደፍቶ የእጁን ሥራ ያይለታል። በዚያ አገር ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው ባይገኝም እጁን የሚያውቁለት ነበሩ።

መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ ጸሐይወርቅ የጋገረችውን አምባሻ ይዞ ይሄድ ነበር። ቫን ዳለን «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ይላል። አስመላሽ ይደግምበታል፤ ሰውዬው አሁንም አልፈልግም። በሦስተኛው ቆርሶ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፣ ሰውዬውም ዝም ብሎ ያኝካል። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ቀጠለ። አስመላሽ ነገሩ ወዳጅነት መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ከዚያ ዘመኑ ከዳቸው። ከ1992 ጀምሮ የመስኮቱ ግማሽ ለኮምፒውተር ጌም ተለቀቀ። ቫን ዳለን እያንገፈገፈው ነው ያስገባው፤ ግን ምን ያድርግ? ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ይመጡ የነበሩ አባቶች ቀሩ። ከስንት አንዴ የሚመጣውም ልጅ ሳጥኑን አገላብጦ «ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምን ያደርጋል?» ይላል። ምን ያደርጋል! ይቀመጣላ፤ አንተ የሠራኸው ነው፣ ታየዋለህ። የቀለም መደርደሪያው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይጎድል ጀመር። አዲስ ሳጥን የሚያስተዋውቁት ሰዎች መምጣት አቆሙ። በመጨረሻ ደንበኛ የሚባሉት አምስት ጡረተኞች ነበሩ፤ በዚያ ክረምት አንዱ ሲሞት አራት ቀሩ። ቫን ዳለንም በመጋቢት መጨረሻ እንደሚዘጋ፣ ያለውን ዕቃ በሙሉ አንድ የሮተርዳም ሰው ጠቅልሎ እንደሚወስደው ለአስመላሽ ነገረው።

የሱቁ መዘጋት የአስመላሽን አንጀት በላው። እንቅልፍ የነሣው ግን ሱቁ አይደለም፤ መስኮቱ ላይ ያለችው፣ ራሱ የሠራት ጀልባ ናት።

በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሞተረኛ ነበር። አማርኛ የተማረው እዚያ ነው፤ ያስተማረውም ፈቃደ የሚባል ጎጃሜ ነው፣ ማዕበል ባየ ቁጥር የሚያስመልሰው መርከበኛ። በ1978 ኤርትራውያኑን እየለቀሙ ማሰር ሲጀመር የአስመላሽ ስም ዝርዝር ውስጥ ገባ። ፈቃደ ያን ዕለት ሁለቱ በሚሠሩባት የባሕር ኃይል ጀልባ ላይ ጥበቃ ነበር። አስመላሽ በጎን በኩል ወደ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ ሲወርድ አየው። አየውና ጀርባውን ሰጠው፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ታንኳዋ እስክትርቅ ድረስ ሌላ ሌላውን ሲመለከት ቆየ። አስመላሽ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ያንን ጀርባ ነው። በ1990ው ውጊያ እዚያው ምጽዋ ላይ መሞቱን ሰማ። የፈቃደ ፎቶ እንኳ የለውም።

የዚያችን ጀልባ ሞዴል የሚያወጣ ፋብሪካ የለም። ስለዚህ የሌላ ጀልባ ሁለት ሳጥኖች ቆራርጦ፣ ሁለት ክረምት ፈጅቶ ራሱ ሠራት። ከኋላዋ ላይ የጣት አንጓ የሚያህል ሰው አቆመ፤ ጀርባውን የሰጠ፣ እጁ ወገቡ ላይ። ማን እንደሆነ ለቫን ዳለንም፣ ለጸሐይወርቅም፣ ለልጁ ለስኒትም አልተናገረም። አንድ ሁለቴ ተጠይቆ «እንዲሁ ነው» ብሏል፤ አጥብቆ የጠየቀው ግን የለም።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ቫን ዳለን ጀልባዋን ከመስኮቱ አነሣት፣ አቧራዋን እፍ አለላትና «ይህችን ትፈልጋታለህ?» አለው። የአስመላሽ ልብ ዘለለች። አፉ ግን ያደገበትን አወጣ።

«ኧረ ግድ የለም፤ ለሱቁ ብዬ ነው የሠራኋት፣ እርስዎ ጋ ትሁን።»

ቫን ዳለን እሺ ብሎ መልሶ አስቀመጣት። በቃ። አስመላሽ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመረ። ማንም ሳያዘው የቀለም ጣሳ ደረደረ፣ ሳጥን ተሸከመ፣ ወለሉን ሁለቴ ጠረገ፤ በጀልባዋ አጠገብ ስድስት ጊዜ አለፈ። እንዲያውም አንዴ ቆም ብሎ ጥሩ ወጥታለች አይደል አለው። ቫን ዳለን አዎ በጣም ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ሱቁ ሲዘጋ አስመላሽ ባዶ እጁን ትራም ተሳፈረ።

ስኒት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እዚያው ያደገች ስለሆነች አባቷን አንተ ነው የምትለው፤ አንቱታ ለሷ የሽማግሌዎች ነገር ነው። ቤት ገብቶ የሆነውን ሲነግራት ለምን አዎ አላልክም አለችው። አስመላሽ፣ ጨዋ ሰው የሰጡትን በመጀመሪያው አይነጥቅም፣ ሰውዬው አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ በልቷል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ይደግመዋል አላት። አይደግመውም፣ እኔ ልደውልለት አለች። ተቆጥቶ ከለከላት፤ በልጅ አፍ መለመን ነውር ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንሶላ እያጠበ ሲለማመድ ሰነበተ። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ «እንግዲህ ካሉማ» እለዋለሁ፣ ትንሽ አቅማማለሁ፣ ከዚያ በሁለት እጄ እቀበላለሁ እያለ። አይ አስመላሽ!

በቅዳሜው መስኮቱ ባዶ ነበር። የሮተርዳሙ ሰው ሐሙስ ዕለት መጥቶ ጠራርጎ ወስዶታል። መደርደሪያው ላይ ጀልባዋ የነበረችበት ቦታ አቧራ ስላልነካው ቅርጿ ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አስመላሽ አሁን አፉን ከፈተ፤ ጀልባዋን እፈልጋት ነበር አለ። ቫን ዳለን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ፊቱ ቀልቷል።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለው። «አይ ስትለኝ በጣም ከፋኝ፤ ለሱቁም ለኔም ግድ የለውም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ዳቦ አልፈልግም ስልህ አንድ ቀን አልሰማኸኝም። እኔ ግን ያንተን አልፈልግም አከበርኩልህ።»

ያ ሁሉ አምባሻ ለካ በግድ ነው የተበላው። አስመላሽ አፈረ፤ ተናደደም፣ ግን በማን ላይ እንደሚናደድ አላወቀም። ቫን ዳለን የሮተርዳሙን ሰው አድራሻ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። ተጨባበጡና ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም።

በማግስቱ እሑድ አባትና ልጅ ሮተርዳም ሄዱ። ሰውዬው ከወንዙ ማዶ ጋራዥ አለው፤ ጋራዡ ከወለል እስከ ጣሪያ ሳጥን ነው፤ ሁሉም በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቁጥር የተለጠፈበት። ስኒት በዓመት ስንቱን ትሠራለህ ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት። አንድም አይሠራም። ሱቆቹ በተዘጉ ቁጥር ያልተከፈተ ሳጥን ይወደዳል፤ የተከፈተ ሳጥን ግን የሞተ ነው፣ ተሠርቶ ያለቀውማ ጭራሽ ቆሻሻ ነው ብሎ አስረዳት። ከተሠሩት ላይ የሚጠቅመውን ነቅሎ፣ አንድ ቁራጭ ለጎደላቸው ሰብሳቢዎች ያስቀምጣል። ጠረጴዛው ላይ ጥቃቅን መድፎች በክብሪት ቀፎ በየመጠናቸው ተደርድረዋል። አስመላሽ አንዱን አወቀው፤ አፈሙዙን የመርፌ ቀዳዳ ያህል በራሱ እጅ የቦረቦረው ነው። ጀልባዋ በሩ አጠገብ ለቆሻሻ በወጣ ካርቶን ውስጥ ነበረች። ሰውዬው ዓይኑን ተከትሎ አየና «ትፈልገዋለህ?» አለ።

«አዎ» አለ አስመላሽ፣ ሰውዬው አፉን ሳይገጥም።

ስኒት ዞር ብላ አባቷን አየችው። በሃምሳ ዓመት ዕድሜው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተሰጠውም ቀፎ ነው።

ባቡር ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ አገላበጣት። መድፏ የለም፣ ምሰሶዋ የለም፣ የጎን አጥሯ ተነቅሏል። ከኋላዋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ወደ ዓይኑ አቀረባት፤ ጫማዎች ናቸው። ፈቃደን ሊነቅሉት ሲሞክሩ ሙጫው እምቢ ብሏቸው ከቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። አስመላሽ ለዚያ ሰው ሙጫ አልሰሰተም ነበር።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስኒት አየችው። ጎንበስ ብላ ሁለቱን እግሮች በጣቷ ነካ አደረገችና «እዚህ ማን ነበር የቆመው?» አለችው።

ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ ነበር። ጎጃሜው፣ ማስመለሱ፣ ያ ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ላይ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አንቺ የተወለድሽው ያ ሰው ፊቱን ስላዞረ ነው ሊላት ፈለገ። በሕይወቱ ምንም ነገር እንዲህ ለመናገር ፈልጎ አያውቅም።

«ማንም አይደለም፤ ተይው» አላት። ከዚያም ጠበቀ።

ስኒት እሺ ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ደልፍት አለፈ፣ ራይስዋይክ አለፈ። ሙርዋይክ ሲቃረብ ተነሥታ የኮቷን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረች፤ አስመላሽ ገና እየጠበቀ ነበር።