ወፍጮ ቤት የተጠና ዝምታ

መምህር ኤርሚያስ አራት የመልስ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረና «እስቲ ይመልከቷቸው፣ ሲስተር» አለ።

ገላነሽ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሌላው ሰው ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ በሚያይበት መስታወት ላይ እሷ የወባውን ዓይነት ትለያለች። ወረቀቶቹንም እንደ ልማዷ መጀመሪያ በጥቅሉ፣ ቀጥላ አንድ በአንድ አየቻቸው። የልጇ የነፃነት ወረቀት ከላይ ነው። አራቱም ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተዋል። የሳቱት ጥያቄም አንድ ነው፤ የሳቱበት መልስም አንድ ነው።

«ተኮራርጀዋል» አለች።

«ሦስቱ ከነፃነት ኮርጀዋል። እሷ ግን አላስኮረጀችም።»

«ይሄ ደግሞ እንዴት ይሆናል?»

መምህሩ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። «ነፃነት ሒሳብ ስትሠራ ትናገራለች። መናገር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ታዜማለች። ከፊቷ፣ ከኋላዋና ከጎኗ ያሉት ልጆች እስክሪብቷቸውን ቀስረው መልሱ እስኪደርሳቸው ይጠብቃሉ። ከጎኗ ያለውማ ‘አልሰማሁሽም፣ ድገሚው’ ሲላት ነው የያዝኩት።»

ገላነሽም ልትስቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሰማችው ግን ሳቋን መለሰባት።

«የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ደርሷል። እኔ አውቃታለሁ፤ የሚፈትኗት ሰዎች ግን አያውቋትም። አንዴ ያስጠነቅቋታል፤ ከደገመች ወረቀቷን ይነጥቋታል። ለሒሳቡ አልሰጋላትም። የምሰጋው ለአፏ ነው።»

ከስምንተኛ ክፍል አልፈው ወደዚያ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። ነፃነት በእናቷ ማይክሮስኮፕ ካየችበት ቀን ጀምሮ የምትመኘው እውነተኛ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ነው፤ በአካባቢው ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ገላነሽ የሐረርን ግንብ በኤረር በር በኩል አልፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሌላ ነገር አላሰበችም።

የበሽታውን ምንጭ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለጋትም። ምንጩ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አባቷ አባባ ኤልሳዕ በልጅነታቸው ዜማ የተማሩ፣ ኋላም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐረር ውስጥ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ለልጅ ልጃቸው የማባዣውን ሰንጠረዥ ያስጠኗት ራሳቸው ባወጡለት ዜማ ነበር፤ «ሰባት ጊዜ ስምንት» ወደ ላይ ይወጣል፣ «ሃምሳ ስድስት» ረገብ ብሎ ይወርዳል። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ክፍልፋዩንም፣ መቶኛውንም፣ የወንዞቹንም ስም በዚያው ዜማ አስገባችው።

«አባባ፣ ልጄን ዘፋኝ አድርገው አሳደጉልኝ» አለች ገላነሽ፣ መምህሩ ያላትን ከነገረቻቸው በኋላ።

«በድምፅ የገባ አይወጣም» አሉ አባባ ኤልሳዕ ሳይደነግጡ። «አንቺንስ ያስተማርኩሽ በምን ነበር? እስከ ዛሬ ስትቆጥሪ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ የለ?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ይንቀሳቀሳል» አለች ነፃነት ከጓዳ።

ሕክምናው በማግስቱ ተጀመረ። ገላነሽ መጀመሪያ የወይራ መፋቂያ በልጅቷ ጥርሶች መካከል አስነከሰቻት። ነፃነት አፏን እንደዘጋች በአፍንጫዋ አዜመችው። ቀጥሎ ውኃ በአፏ አስያዘቻት። አባባ ኤልሳዕ ከመደባቸው ሆነው «ግመሏ ጠጣች?» ሲሉ ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች፤ የመለማመጃው ወረቀት ራሰ። ገላነሽ ሦስተኛውን ዘዴ ከሁሉም በላይ አመነችበት። ፈተናው ፀጥ ባለ አዳራሽ የሚሰጥ ከሆነ ልምምዱም ፀጥ ባለ ቤት መሆን አለበት አለች። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ በሩ ተዘጋ፣ አባባ ኤልሳዕ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ወደ ግቢ ተሰደዱ።

ቤቱ ፀጥ ባለ መጠን የልጅቷ ድምፅ እየጠራ ሄደ። ከጎረቤት ዘቢባ አጥሩን ተጠግታ «ነፂ፣ አምስተኛውን ጥያቄ ድገሚልኝማ፣ ከልጆቼ ጋር እየተከታተልን ነው!» አለች።

ነፃነት እርሳሷን ጣለችው። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። «አውቄ አይደለም፣ እማ። ድምፄን ካልሰማሁት ቁጥሩ ይጠፋብኛል።»

ገላነሽ ልጇን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት።

ቅዳሜ ዱቄት አለቀና ነፃነት ማሽላ ይዛ ከኤረር በር ውጭ ወዳለው የነስሮ ወፍጮ ቤት ተላከች። ጊዜ እንዳይባክን የመለማመጃ ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ቅዳሜ ከሶፊ ገጠር ገበሬዎች አህያ ጭነው የሚመጡበት ቀን ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ልጅቷ ስትዘገይ እናቷ ተከትላት ወረደች።

በነስሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው አይናገርም። ቢናገርም አይሰማም። ሞተሩ ያጓራል፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ያፏጫል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሰዉ የእጅ ቋንቋ አለው። ነስሮ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ካፋተገ «ይላምልሽ?» ማለቱ ነው፤ እጁን ጨብጦ ከፈታ «ይሻክር?» ማለቱ ነው። አገጩን ወደ ላይ ካነሳ «እህስ፣ ምን ልርዳሽ?» ነው።

ገላነሽ በዱቄቱ ጭጋግ ውስጥ ልጇን ፈለገቻት። ነፃነት ኬሻ ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን ታስሮጣለች። አፏ ግን ተዘግቷል። ገላነሽ መጀመሪያ ልጅቷ ሒሳቡን ትታ የምትጫጭር መሰላት። ከኋላዋ ጎንበስ ብላ አየች። ሥራው ትክክል ነው፤ የሚቀጥለውም ትክክል ነው። ከንፈሯን ደግማ አየች። ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ገላነሽም ያለ ድጋሚ ምርመራ ውጤት ፈርማ አታውቅም። ልጅቷን ክንዷን ይዛ አወጣቻትና ራቅ ካለው ግንብ ጥላ ሥር አስቀምጣ «የሚቀጥለውን ሥሪ» አለቻት። ዜማው ጀመረ። መልሳ አስገባቻት። ቆመ። አወጣቻት፤ ጀመረ። አስገባቻት፤ ቆመ።

ነስሮ እስከ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ብቅ አለና ገላነሽን ከደጁ ራቅ አድርጎ ወሰዳት። «አቦ ዶክተር፣ ምን ሆነሽ ነው? ልጅቷን እንደ ማሽላ ከረጢት ታስገቢያታለሽ፣ ታስወጫታለሽ!»

ለእሱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ገላነሽ ነገሩን ከመምህሩ ጀምራ አጫወተችው።

«ወላሂ፣ የኔ ወፍጮ አፍ እንደሚያዘጋ ድሮም አውቃለሁ» አለ ነስሮ። «ሚስቴ እዚህ ስትመጣ ብቻ ነው ዝም የምትለው። ለዚህ እኮ ነው የማትመጣው! አምጫት፣ እንደ ልቧ ትቀመጥ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሞተሩን ቀንሰው፣ አቁመው የሚባል ነገር የለም። አንዴ ከተነሳ፣ ወረፋው ሳያልቅ ሱልጣን ቢመጣ አላቆምም።»

ነፃነት እዚያው ቆማ ወረቀቷን እያገላበጠች ነበር። «እማ፣ ስገባ እንደ ሁልጊዜው አልኩት። ድምፄ ግን አልተሰማኝም። ከዚያ ማለቱ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ቁጥሩ ጠፋብሽ?»

ልጅቷ የሠራችውን ደግማ አየች። «አልጠፋም» አለች ቀስ ብላ። «እዚያው ነበረ።»

ገላነሽ ፀጥታን ስትፈልግ የኖረችው ተሳስታ እንደነበር ያኔ ገባት። ፀጥታ የልጅቷን ድምፅ ያጎላዋል፤ ዜማውን የሚያስጥላት ጩኸት ነው። ግን ፈተናው ወፍጮ ቤት አይሰጥም። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ የበረታን ፈሳሽ ውኃ እየጨመረች እንደምታቀጥነው፣ ጩኸቱንም በጥቂት በጥቂቱ ልታቀጥነው ወሰነች። ነፃነት ከትምህርት መልስ በየቀኑ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጠች። እዚያ አፏ ሲረጋ ወደ ደጃፉ ወጣች። ቀጥሎ መንገዱን ተሻግራ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ፣ ቀጥሎ የበሩ ጥላ ሥር። ዜማው ባመለጣት ቁጥር አንድ ቦታ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ቁጣ የለም፣ ልመና የለም። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ስትደርስ ብዙ ቆየች፤ አንደኛው ሰፊ እየሠራ የሚያንጎራጉር ሰው ስለነበር ሳታውቀው ትቀበለው ነበር።

አባባ ኤልሳዕ ቅር ብሏቸዋል። «እኔ ያስተማርኩትን በወፍጮ ታስፈጪው ጀመር» አሉና ሁለት ቀን ከልጃቸው ጋር በቅጡ አልተነጋገሩም። አንድ ከሰዓት ግን በትራቸውን ይዘው ወፍጮ ቤት ወረዱ። ኬሻ ላይ ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀመጡ። የሆነ ነገር ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ራሳቸውም አልሰሙትም። እርሳሷን በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩ።

ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ደጅ ላይ ካራገፉ በኋላ «ቅኔ የሚቆጥር፣ በልቡ የሚያበጅ ተማሪ እንዲህ ነው» አሉ። «ብቻውን ይሄድና አፉን ይዘጋል። ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ ይህን ለምን አላስተማሯትም?»

«እኔ ቅኔ ቤት መቼ ደረስኩ! ዜማ ላይ እኮ ነው ያቋረጥኩት።» ሳቁ። «የማላውቀውን ነስሮ አስተማረልኝ።»

በመጨረሻ ልምምዱ ወደ አጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገባ፤ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት እዚያ ከወፍ በስተቀር የሚጮህ የለም። ነፃነት አንድ ሙሉ ወረቀት አፏ ሳይከፈት ጨረሰች። ገላነሽ በነጋታው ደገመቻት። በሚቀጥለውም ቀን ደገመቻት።

የፈተናው ዕለት ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። የአዳራሹ ፀጥታ እስከ አጥሩ ድረስ ይሰማል። ገላነሽ ጆሮዋን አቅንታ የሆነ ዜማ ፈለገች፤ ደግነቱ የለም። ድንገት በሩ ተከፈተና አንዲት ፈታኝ እንደ ነፃነት ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ አስከትላ ወጣች። ገላነሽ ወደ አጥሩ በር ተራመደች። ልጅቷ ዞር ስትል ሌላ ናት፤ ወደ ሽንት ቤት ነው የምትሄደው።

«አይዞሽ» አሉ አባባ ኤልሳዕ። «ይልቅ አፍሽን ዝጊ።»

ገላነሽ ያኔ ነው ያወቀችው። ከንፈሯ «ሰባት ጊዜ ስምንት» እያለ ነበር።

ፈተናው አብቅቶ ልጆቹ ወጡ። ነፃነት በዝምታ መጣች፤ በዝምታ የግቢውን በር አለፈች። መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አየር ሳበች፣ ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ከነአሠራሩ በአያቷ ዜማ ለቀቀችው። መንገደኛው ዞሮ አያት። በአጠገባቸው ያለፈችው ፈታኝ ቆማ «ይቺ ናት እንዴ?» አለች። «እኔ መናገር የማትችል መስላኝ ነበር! ወረቀቷን ልቀበል ስጠጋ እንኳ እንዲህ ነው ያደረገችኝ» ብላ አገጯን ወደ ላይ አነሳች።

«ነስሮን ነው እኮ የምትመስይው!» አለች ገላነሽ ወደ ልጇ ዞራ በሳቅ። «ውስጥ እንዴት ነበር?»

«ፀጥ ሲል ፈራሁ። ከዚያ ወፍጮውን አስነሳሁት።»

«የቱን ወፍጮ?»

«የጋሽ ነስሮን ነዋ። ጆሮዬ ውስጥ።»

ክረምቱ ሲገባ መምህር ኤርሚያስ ደወለ። ነፃነት አልፋለች። ገላነሽ ስልኩን ሳትዘጋ ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃት የለም፤ እናትና አያት ተከተሏት።

ወፍጮ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ነስሮ ነፃነትን ሲያያት አገጩን ወደ ላይ አነሳ፤ «እህስ?» ልጅቷ እጇን አነሳች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ለላመና ለሻከረ ምልክት አለ፤ ለዚህ ምልክት የለም። ግራ ሲገባት ዝላይ ጀመረች። ነስሮ እህል ያመጣች መስሎት ኬሻዋን በዓይኑ ፈለገ። ኬሻ የለም። ከኋላዋ የቆሙትን ሁለቱን አየ፤ አባባ ኤልሳዕ በዱቄት ጭጋግ ውስጥ ቆመው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ነስሮ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።

ወፍጮው እያጉረመረመ ዝግ አለ፤ ቆመ። ቤቱን ያልለመደው ፀጥታ ሞላው።

«ምነው? መብራት ሄደ እንዴ?» ብለው ሴቶቹ ተንጫጩ።

«አልሄደም» አለ ነስሮ። «ልጅቷ የምትለው ነገር አላት። በይ ነፂ፣ ጮክ ብለሽ!»

ነፃነትም ጮክ ብላ አለችው። ቃሉ «አለፍኩ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ላይ አውጥታ፣ ረገብ አድርጋ አወረደችው። እልልታው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው፤ «ማሻአላህ!» የሚለው ድምፅ ከየኬሻው ላይ ተነሳ።

ተራዋ ደርሶ የነበረች አንዲት የሶፊ ሴት እልልታዋን ከሁሉም አስረዝማ ስትጨርስ ወደ ነስሮ ዞረች።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! አሁን ማሽላዬን ፍጭልኝ፣ አህያዬ ፀሐይ ላይ ናት።»