የጋሼ ግራ ጉልበት

መብረር የተማርኩት ሳሎናችን ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ጠረጴዛው ኮሪደር ላይ ይወጣል፣ እኔና ወንድሜ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን እንዘረጋለን። እጅ ወደ ኋላ፣ መዳፍ ወደ መሬት፣ ትከሻ ወደ ፊት ጠቅለል፣ አገጭ ወደ ደረት፣ እግር ቀጥ። እሱ ያደርጋል፣ እኔ አያለሁ፣ እንደሱ እሆናለሁ። ጎረቤታችን አንድ ቀን ስኳር ልትዋስ ገብታ በሆዳችን ተዘርግተን ብታየን፣ ጋዝ አፍኗቸው ነው ብላ መስኮት ልትከፍት ሮጣለች።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። በፓራሹት የምንዘልበት ሜዳ ላይ ያሉት ዘላዮችም ከኔ ሰምተው ጋሼ ይሉታል። እሱ ደግሞ ሚጡ ስለሚለኝ፣ ይኸው ትልቅ ሴት ሆኜ የአውሮፕላኑ አብራሪ ሳይቀር ሚጡ ይለኛል። አልወደውም፤ ግን ማን ሰምቶኝ።

ከአውሮፕላን ዘሎ ወደ ታች መውደቅ የማንም ሥራ ነው። የኛ ሥራ ፓራሹቱ እስኪከፈት ድረስ ወደ ፊት መሄድ ነው። ለዚህ የሚለበስ ቱታ አለ። ደረቱና ጭኑ ላይ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፣ ሲወድቁ ይነፋል፣ የለበሰው ሰው ሰውነቱን በደንብ ከያዘ አየሩ ላይ ይንሸራተታል። ካልያዘ እንደ ተነፋ ጆንያ ይወርዳል። መሬት ላይ ግን ያ ቱታ እስር ቤት ነው። ዚፑ አገጬ ድረስ ተዘግቶ፣ የፓራሹቱ ማሰሪያ ብብቴን ይዞኝ፣ ወንበር በሌላት አውሮፕላን ወለል ላይ አንዳችን በሌላችን ጉልበት መሃል ተሰክተን ስንወጣ፣ የጋሼ ሄልሜት ጀርባዬን እየነካኝ፣ ሄልሜቱ ላይ የታሰረው የካሜራ መስታወት ማጅራቴን እያየኝ፣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ እዚያ ነው። በሩ ሲከፈት እፎይ እላለሁ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ጋሼ ከላይ ከላዬ ይከተለኛል፣ ይቀርጸኛል፣ ወርደን ደግሞ የአውሮፕላኑ ማቆሚያ ሃንጋር ውስጥ ካለው ስክሪን ፊት አስቀምጦ ያርመኛል።

በሽታዬ አንድ ነው፤ ወደ ግራ እጎተታለሁ። እንዳልዞር ቀኝ ትከሻዬን ስጫን ደግሞ ፍጥነቴ ይሞታል። ጋሼ ያልሞከረው ነገር የለም። ትከሻሽ ነው አለ፣ መዳፍሽ ነው አለ፣ ቱታው ሰፍቶሽ ነው ብሎ አስጠበበልኝ። የእግሬን ነገር ግን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ከረመ።

ዘንድሮ ታዲያ ትልቁ የዘላዮች ቡድን አንድ ሰው ጎድሎበት ተተኪ ሊወስድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ቡድን ነው፣ ለመግባትም ዕድሜዬ እያለፈ ነው። የሚመርጡት በቪዲዮ ነው፤ ከላይ የተቀረጸ አንድ ሙሉ በረራ ይላካል፣ አለቀ። እኛ ሜዳ ላይ እንዲህ እየበረረ መቅረጽ የሚችል ጋሼ ብቻ ነው።

ቪዲዮው ሊላክ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከቡድኑ አንዱ ሊዘል ወደኛ ሜዳ መጣ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሸንበቆ ይሉታል። ሦስታችን አብረን ዘለን፣ እሱ ከሩቅ ሆኖ እኔንና ጋሼን ባንድ ላይ ቀረጸን። ስክሪኑ ላይ ሲያሳየን ሳቀ።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል» አለ። «እናንተ ግን ግራ ጉልበታችሁ እንኳ ይመሳሰላል። በዘር ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየሁና አቆምኩ። የጋሼ ግራ ጉልበት ታጥፏል። የኔም ግራ ጉልበት፣ በዚያው ልክ፣ ታጥፏል።

ጋሼ ልጅ ሳለሁ ከዝላይ ሲያርፍ ክፉኛ ተጎድቶ ጉልበቱ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሲራመድ ያነክሳል። አንካሳ እግር በሆድ ሲተኙም አንካሳ መሆኑ ግን ለኔ አልታየኝም። ያቺን እጥፋት የበረራው ጥበብ ናት ብዬ፣ ልክ እንደሱ እስክትሆንልኝ ድረስ ምንጣፍ ላይ ተለማምጄ አበጀኋት። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ተኝቼ እግሬን ቀጥ ለማድረግ ስሞክር እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለቪዲዮው ወጣን። ለጋሼ ምንም አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ጉልበትህን ተምሬ ነው የተበላሸሁት ልበለው? ዘለልኩ፣ ቱታው ተነፋ፣ አገጬን ደረቴ ላይ አስገባሁ፣ ግራ እግሬን እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሆነ ነገር ለቀቀኝ። ወደ ግራ የሚጎትተኝ ጠፋ፣ ቀኝ ትከሻዬ ሥራ ፈታ፣ መሬቱ ወደኔ መምጣቱን ትቶ ከሥሬ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ መሃል ጋሼን ፈለግኩት። ከላዬ የለም። በብብቴ ሥር ወደ ኋላ ባይ፣ ከበስተኋላዬ ወደ ታች ቀርቷል፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ እያነሰ።

ሃንጋር ስገባ ቀድሞኝ ሄልሜቱን አውልቆ ቁጭ ብሏል። ካሜራው አልቀረጸም አለኝ፤ ባትሪው ነው አለኝ። ከመዝለላችን በፊት የካሜራው ቀይ መብራት ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ውሸት አይችልም፤ ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸኝ። ከሰዓት በኋላ እንደግማለን አለ።

ያኔ ነው የገባሁበት የገባኝ። በደንብ ከበረርኩ እሱ ይቀርና ቪዲዮ የለኝም። እሱን ከጠበቅኩ ደግሞ ቪዲዮ ይኖረኛል፣ ግን የጆንያ ቪዲዮ ነው። ሸንበቆን ቅረጸኝ ብዬ እንዳልለምን፣ ጋሼ እያለ ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ይሆናል? አስተምሮ፣ አልብሶ፣ ራሱ ሳይበላ አብልቶኝ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ልመልስ? ተናደድኩበት፣ አዘንኩለት፣ እንደገና ተናደድኩበት። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቱታ ለብሼ፣ ያቺው ጠባብ አውሮፕላን ውስጥ፣ ያው ካሜራ ማጅራቴ ላይ ተተክሎ ወጣሁ።

ዘለልኩ። ግራ እግሬን ዘረጋሁት፣ ለትንሽ ጊዜ፣ ጣዕሙን ለማየት ያህል። ከዚያ አጠፍኩት። ወደ ግራ ተጎተትኩ፣ ቀኝ ትከሻዬን ተጫንኩ፣ ጋሼ መጣና ከላዬ ቦታውን ያዘ። ሄልሜቴ ውስጥ አለቀስኩ። እዚያ ማንም አይሰማም።

ስክሪኑ ላይ ሲታይ ሰው ጥሩ ነው አለ። ጋሼ ግን እግሬ ተዘርግቶ እንደገና የሚታጠፍባትን ቦታ ወደ ኋላ መልሶ አያት። ደግሞ መልሶ አያት። ቤት እስክንገባ ድረስ መኪና ውስጥ የደህንነት ቀበቶዬን ይዤ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሶፋውን ሲገፋ ሰማሁት። ስወጣ ሳሎኑ መሃል ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቷል፣ ሱሪውን ግራ ጉልበቱ ድረስ ሰብስቧል።

«ከሜዳ ሳንወጣ የጠዋቱን ቪዲዮ ልኬዋለሁ» አለኝ፣ ፊቱ ወደ ምንጣፉ እንደሆነ።

«አልቀረጸም አላልከኝም?»

«ቀርጿል። ነጥብ እስክትሆኚ ድረስ ይታያል። ከዚያ ባዶ ሰማይ ነው። ጥለሽኝ መሄድሽን ካላመኑ ባዶውን ይዩት ብያቸዋለሁ።»

ለምን እንደዋሸኝ ጠየቅኩት።

«አንቺ የሌለሽበት ሰማይ ቀርጬ አላውቅም» አለኝ። «ደነገጥኩ።»

ልቆጣው ነበር የወጣሁት፣ ቁጣዬ ግን እመንገድ ላይ ቀረ። አጠገቡ ተንበረከክሁ።

«ተጫኚው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጉልበቱን። ቀጥ እስኪል ተጫኚው።»

እጄን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጌ ወደ ወለሉ ጫን አልኩት። በጉልበቱ ጎን ያለው የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ያብረቀርቃል። እግሩ ትንሽ ወረደና ግንብ እንደነካ ቆመ።

«አይሄድም፣ ጋሼ።»

«በሁለት እጅሽ።»

በሁለት እጄ፣ በክብደቴ ሁሉ ተጫንኩት። ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማሁት። ከወለሉና ከእግሩ መሃል አሁንም እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር።

«አይሄድም» አልኩት።

«አየሽ» አለኝ። «እንግዲህ አትጠብቂኝ።»

ይህን ብሎ ሱሪውን ወደ ታች መለሰና እንዳነሳው ክንዱን ሰጠኝ። እኔ ግን እጄን ከእግሩ ላይ ማንሳት አቃተኝ።