አንዱ መከለያ በአራት ቤት

ሕግ ከሰው ልጅ ፍርሃት ተፀንሶ ከጥበብ የተወለደ፣ በቀለም ተጽፎ በማኅተም የጸና ቢሆንም፣ የራሱ እግር ስለሌለው ወደ ሥራው ስፍራ የሚደርሰው በሰው እግር ነው፤ ተሸካሚው ሲያዘግም ሕጉም ያዘግማል፣ ተሸካሚው ከደጅ ቆሞ ወግ ሲያበዛ ሕጉም አብሮት ይቆማል። አስተዋይ አንባቢ ይህን እንደ ነቀፌታ አይቁጠርብን፤ የሚከተለው ታሪክ የክፋት ሳይሆን የጨዋነት ታሪክ ነውና፣ ጨዋነትም እንደ ማንኛውም መልካም ነገር ልክ ካልተበጀለት ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ያህል ይነበብ።

አቶ ወልደ ሰማዕት ከቅኔ ጉባኤ ወጥተው በአውራጃው የሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የፋብሪካዎች መርማሪ ለመሆን የበቁ፣ አንደበታቸው የታረመ፣ አረማመዳቸው የተመጠነ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳያስቀይሙ በማገልገላቸው በልባቸው የሚመኩ ሰው ነበሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ የባላምባራስ ይርዳውን የኑግ ዘይት መጭመቂያ ይጎበኛሉ፤ ሳይነግሩ የሰው ደጅ መርገጥ የባለጌ ሥራ ነውና፣ ከሳምንት በፊት ቀኑንና ሰዓቱን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ይልካሉ። በመጭመቂያው ግቢ ጎን ለጎን በተሠሩ አራት ቤቶች አራት የመጭመቂያ መኪናዎች ነበሩ፤ ሕጉም እያንዳንዱን መኪና የሚያዞረው የቺንጋ ጠፍር፣ የሠራተኛ እጅ ጎትቶ እንዳያስገባ፣ በብረት መከለያ ተሸፍኖ በቡሎን እንዲታሰር ያዝዛል። ባላምባራስ ያሠሩት መከለያ ግን አንድ ብቻ ነበር። መርማሪው በመጀመሪያው ቤት መከለያውን አይተውና መዝግበው ሲወጡ፣ ከደጁ ቆመው ስለ አዝመራው፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ባላምባራስ የጉልበት ሕመምና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት በየተራ ይጠይቃሉ፤ ባላምባራስም በየተራ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ በዚህ መካከል ሁለት ሴቶች ያንኑ መከለያ ፈትተው በጓሮ በር አሾልከው፣ ተሸክመው እየሮጡ፣ ለእንግዳው ክብር ተብሎ ሥራ ባቆመው በሁለተኛው መኪና ላይ ይገጥሙታል። በሦስተኛውም ቤት እንዲሁ፣ በአራተኛውም እንዲሁ። በመከለያው ግራ ጎን የከብት ኮቴ የመሰለ ስርጉድ ነበረበትና አቶ ወልደ ሰማዕት በአራቱም ቤት ያንኑ ስርጉድ ተመልክተዋል፤ ሆኖም አራቱ አንድ እንደሆኑ ከመጠርጠር ይልቅ፣ አንጥረኛው አራት ጊዜ በአንድ ስፍራ መሳሳቱን ማድነቅ ለኅሊናቸው ቀለላቸው። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት አለፈ።

በዚያው ዓመት፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በዋለው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በአራተኛው ቤት ኑግ ትጨምር የነበረችውን የወይዘሮ የውብዳርን እጅጌ ቺንጋው ያዘው፤ መኪናው እስኪቆምም ቀኝ እጇን እስከ ክንዷ ወሰደው። በዚያች ሰዓት መከለያው በባላምባራስ ጓሮ የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ ጫጩቶችን ከሸለምጥማጥ ይጠብቅ ነበር፤ በዚያ ስፍራ ግዳጁን በሚገባ እንደፈጸመ ልንመሰክርለት ይገባል፣ አንዲት ጫጩት እንኳ አልጎደለችምና። ደንቡ ደግሞ መከለያን በገዛ እጁ የፈታ ሠራተኛ ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ እንደማይከፈለው ይናገራል። ስለዚህ አቶ ወልደ ሰማዕት ለምርመራ በመጡ ጊዜ ባላምባራስ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ ቃል ይዘው ጠበቋቸው፤ «ሠራተኛዋ መኪናውን ለመጥረግ ብላ መከለያውን ፈታች» ይላል፤ የጎደለው የመርማሪው ፊርማ ብቻ ነበር።

«እኔ መፈረም ተስኖኝ አይደለም፤» አሉ ባላምባራስ በሐዘን፤ «የኔ ቃል ግን ምን ይረባል? በመስከረም አራቱንም መከለያ አየሁ ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ዛሬ አልነበረም ቢሉ፣ ያን ጊዜ ምን አይተው ነው መባሉ ይቀራል? ለጡረታዎ የቀረው ሰባት ወር ነው። እኔስ የማስበው ለእርስዎ ነው።»

መርማሪው ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱ፣ «እስከ ነገ» ብለውም ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ ለእርግማን መልስ ሲያዘጋጁ ነበር፤ ለእርግማን የሚሆን ቃል አላጡም።

የውብዳር ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኟት። «ይማርሽ፣ እንዴት ዋልሽ?» አሉ።

«ይቀመጡ ጌታዬ። እጅ እንዳልነሣዎት እጁ የለም፤» አለች ፈገግ ብላ።

«መከለያውን ፈትተሽው ነበርን?»

«ምኑን ልፍታው? ከመስከረም ወዲህ ዓይኔም አላየው። ያኔ ግን ተሸክሜዋለሁ፤ አቤት ሲከብድ! ሁለተኛው ቤት እንኳ ደህና ነው፤ አራተኛው ጋ ስንደርስ የኔና የባልንጀራዬ ትንፋሽ ቁርጥ ይላል። ቡሎኑን ስናጠብቅ እርስዎ ከደጅ የባላምባራስን ጉልበት ሲጠይቁ እንሰማለን። ‹ምነው ሌላኛውንም ጉልበታቸውን በጠየቁልን› እያልን በሳቅ እንሞታለን።»

አቶ ወልደ ሰማዕት ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው፣ «ታዲያ ስለ ምን አልነገራችሁኝም?» አሉ።

«የሚያውቁ መስሎን ነዋ!» አለች የውብዳር ተገርማ። «ሰላምታውን የሚያረዝሙት እኛ እንድንደርስ፣ ባላምባራስም እንዳይቀጡ፣ እኛም ከእንጀራችን እንዳንፈናቀል ብለው ነው እንባባል ነበር። ስንት ጊዜ መረቅንዎት! ‹ዕድሜ ይስጣቸው፣ እኒህ ሰው ባይሆኑ በሩጫ ልባችን ይፈነዳ ነበር› እያልን።»

ለእርግማን የተሰናዳው መልስ ሁሉ ለምርቃት አልሆነም። አቶ ወልደ ሰማዕት ተነሥተው፣ ያችን ሴት በጥልቅ እጅ ነሥተው ወጡ፤ ወደ ቤታቸውም ገብተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከጻፉት ሁሉ ያጠረውንና ጌጥ የሌለውን ቃል ጻፉ፦ «በዚህ መጭመቂያ ያለው መከለያ አንድ ነው። እኔ መርማሪው ስድስት ዓመት ሙሉ አራት ብዬ መዝግቤአለሁ፤ የተሸከሙት ሴቶች ምስክሮች ናቸው። ጉዳት የደረሰባት ሠራተኛ የፈታችው ነገር የለም፤ የሚፈታ አልነበረምና።» በማግስቱም አንዱን ቅጂ ለባላምባራስ በእጃቸው ሰጡ።

«አብደዋል!» አሉ ባላምባራስ አንብበው ሲጨርሱ። «ይህን ሲጽፉ ማን አስገደደዎት?»

«ማንም፤» አሉ መርማሪው። «ስለዚህም ነው የዘገየሁት።»

ለወትሮው አንድን ማመልከቻ ሳያይ ዓመት የሚያሳድረው ጽሕፈት ቤት በዚህ ጊዜ ትጋቱን አሳየ፤ በዘጠነኛው ቀን አቶ ወልደ ሰማዕት ሐሰት በመመዝገብ ጥፋት፣ ጡረታቸውንም ተነፍገው፣ ተሰናበቱ። ባላምባራስ ተገሠጹ፤ ሦስት መከለያዎችንም አሠሩ። የውብዳርም ፍርድ ቤት ተመላልሳ፣ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሲገባ ካሣ ተፈረደላት፤ ከተሰናበቱት መርማሪ ቃል በቀር ሌላ የጽሑፍ ማስረጃ አልነበራትም፣ እርሱም በቃት። ዘግይታ የምትመጣ እውነት ዋጋዋን አስቀድማ የምትቀበለው ካዘገያት ሰው ሳይሆን ከጠበቃት ሰው ነው።