ወደ ቀኝ ያጋደለ ስፌት

«ይሄን ማን ነካው?» አሉ አሮጊቷ፣ ብርድ ልብሱን ገና ጭናቸው ላይ ሳያደላድሉት።

ልጃቸው ከስፌት መኪናው ቀና አላለችም። «ምኑን እማዬ?»

«ምኑን ትለኛለች። በዚህ ቤት ሰው እኔን የሚያየኝ የተቀመጥኩበትን ወንበር ሲፈልግ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ስፌቴም የማንም መነካኪያ ሆነ።»

ሰፈሩ እማማ ምላጭ የሚላቸው በከንቱ አይደለም። የእጃቸውን ሥራ ድሪቶ ብሎ የጠራ ደንበኛ ሁለተኛ በዚያ በር አያልፍም። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ከልጃቸው ስፌት የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እየቀጣጠሉ፣ እናታቸው «ደረጃ» ይሉት የነበረውን ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ሰማያዊው ከታችኛው ጥግ ይነሳና በየካሬው እየተሸጋገረ እስከ ላይኛው ጥግ ይወጣል። ዙሪያው ያገኘውን ቀለም ይልበስ፤ ደረጃው ላይ ግን ከሰማያዊ በቀር ድርሽ አይልም።

ጣታቸውን መጋጠሚያው ላይ አመላለሱ። ግራኝ ናቸው፤ ስፌታቸው ወደ ግራ ያጋድላል። ይሄኛው ወደ ቀኝ አጋድሏል። ብድግ አሉ፣ መስኮቱ ጋ ደረሱ፣ ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሱ።

«ኧረ አንድ ቦታ አርፈሽ ተቀመጪ» አለች ልጅ። «ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩልሽ። ያዘዘችው ባለ ሱቋ ልትወስደው እየመጣች ነው፣ ተይው በቃ።»

«የኔ ስፌት ላላ? በሬ ቢጎትተው የማይላላው?»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔስ? ዝንብ እያባረርኩ ነው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ አሸት አሸት አደረገች። «አረንጓዴ አስገብተሽበት ነበር። ደረጃው ላይ።»

«ውሸታም።»

ልጅ ከቁርጥራጩ ጆንያ ሁለት ቁራጭ አውጥታ ጭናቸው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። «የቱ ነው ሰማያዊው?»

አሮጊቷ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩ፤ አርቀው አዩ፤ አስጠግተው አዩ። አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ መሆኑን ጣታቸው ነገራቸው። ስለ ቀለሙ ጣት ምን ያውቃል? ለስላሳውን አነሱ።

«ይሄ።»

ልጅ የቀረውን ሻካራ ቁራጭ ከጭናቸው አነሳች።

«ተናገሪ እንጂ፣ ምላስሽን ዋጥሽው?»

«አረንጓዴው ነው እማዬ።»

ጨርቁን አላስቀመጡትም፤ ጨብጠው ያዙት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። አንቺ ስትተኚ እየተረተርኩ እቀይረዋለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ሰዎች እጅዎ ይባረክ ሲሉኝ፣ እኔም አሜን ስል፣ አንቺ እዚያው ቆመሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«እየሳቅሽብኝ?»

«ወይ እማዬ። እየፈራሁ ነው እንጂ። ብታውቂ መርፌውን ጥለሽ ግድግዳ እያየሽ የምትቀሪ መስሎኝ።»

አሮጊቷ የጨበጡትን ጨርቅ አስቀመጡ። ብርድ ልብሱን ገለበጡና በመቀስ ጫፍ ወደ ቀኝ ያጋደለውን ስፌት መተርተር ጀመሩ።

«ልክ የሆነውን? ሴትዮዋ ደረሰች እኮ!»

እውነትም ባለ ሱቋ በሩ ላይ ነበረች። «እንደምን ዋሉ እማማ? አለቀልኝ?»

«አልቋል፣ አልቋል» አለች ልጅ ተሽቀዳድማ።

«አላለቀም» አሉ አሮጊቷ፣ እጃቸው ሳይቆም። «ዓይኔ ሰማያዊና አረንጓዴ መለየት እምቢ ብሏል። ይቺ ደግሞ ደብቃኝ ስታርም ከርማለች። ያረመችውን ፈትቼ እኔው ልሰፋው ነው። የቸኮልሽ እንደሆነ ሂጂ፤ ካልቸኮልሽ ያውልሽ ወንበር።»

ባለ ሱቋ እናትና ልጅን አየች፤ ተቀመጠች።

አሮጊቷ የተፈታውን ክር ከጭናቸው አራገፉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ደግሞ መኪናሽን ተይና እዚህ አጠገቤ ነይ። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ጨርቅ ቀለሙን እየጠራሽ ነው የምታቀብይኝ። ሰው ቢኖርም፣ ጮክ ብለሽ። ስሳሳት ተሳሳትሽ በይኝ፤ የምፈታው እኔ ነኝ። በይ፣ ሰማያዊ ስጪኝ።»